ሥራ ፈት ኩሽኔታ አይኑርህ

መሳቢያህን ክፈት። አዎ፣ ያንን፤ ሁሉ ነገር የሚወረወርበትን።

ምን አለ? የደረቀ እስክሪብቶ። የየትኛው በር እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ። ያለቀ የሪሞት ባትሪ። ከሥር ደግሞ በፌስታል የተቋጠሩ ትንንሽ የብረት ቀለበቶች፤ የሮለር ስኬቱ ጎማ ሲቀየር የተረፉ ኩሽኔታዎች።

ለምን አልጣልካቸውም? «አንድ ቀን ይጠቅማሉ» ብለህ ነው። ልክ ነህ፤ ይጠቅማሉ። ግን እስቲ ልጠይቅህ፦ ያ «አንድ ቀን» መቼ ነው? ከደመወዝ በኋላ? ከክረምት በኋላ? ጊዜ ሲኖርህ?

ጊዜ ኖሮህ አያውቅም። ወደፊትም አይኖርህም። ጊዜ የሚገኘው ቀን ሲቆረጥ ነው።

ቅዳሜ በል። በቃ፣ ቅዳሜ ከእነዚህ ኩሽኔታዎች ለቤትህ የሚጠቅም ዕቃ ትሠራለህ።

«እኔ እኮ የእጅ ሙያ የለኝም» እንዳትለኝ። ብሎን ማጥበቅ ትችላለህ? እንጨት መብሳትስ? ካልቻልክ የሰፈርህ አናጺ ሻይ ጠጥተህ ሳትጨርስ ይበሳልሃል። አንቺም ብትሆኚ «ይሄ የወንድ ሥራ ነው» ብለሽ እንዳታልፊው። 13 ቁልፍ ወንድና ሴት አይለይም። ይህን ሥራ የሚያስጀምረው ውሳኔ ነው፤ ቀሪውን እጅ እየሠራ ይማረዋል።

መጀመሪያ ያለህን ቁጠር።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እየተባለ መንገድ ለመኪና በሚዘጋባቸው እሁዶች አዲስ አበባ ውስጥ ሮለር ስኬት አድርገው የሚንሸራተቱትን ልጆች አይተሃቸዋል። በአንድ መስመር አራት አራት ጎማ የተደረደረበት አንድ ጥንድ ስኬት 8 ጎማ አለው። በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ 2 ኩሽኔታ አለ። ድምሩ 16! ስኬትቦርድ ከሆነ 8 ነው። ጎማው በአስፋልት ተፍቆ ያልቃል። ጫማው ለልጁ እግር ይጠበዋል። ኩሽኔታው ግን ብዙ ጊዜ ገና ጉልበት አለው።

ስለዚህ አንተ ባዶ እጅህን አይደለህም። 16 ትክክለኛ የማሽን ዕቃ ይዘህ ነው «ምን አለኝ?» የምትለው።

ጎኑን አገላብጠህ እይ። ጥቃቅን ቁጥር ተቀርጾበታል፤ በአብዛኛው 608 ይላል። ይህ ቁጥር መጠኑን ይነግርሃል፦ የውስጥ ቀዳዳው 8 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 22፣ ውፍረቱ 7። አዲስ አበባም ግዛው፣ ዋሽንግተንም፣ ቴል አቪቭም፣ ዱባይም፣ 608 ያው 608 ነው። ይህን ያህል የሚያስተማምን ነገር በሕይወትህ ውስጥ ስንት አለህ?

ቀዳዳው 8 ስለሆነ የ8 ብሎን ልክክ ብሎ ይገባበታል። የ8 ብሎን ደግሞ በ13 ቁልፍ ይጠብቃል። እንጨት ውስጥ ልትቀብረው ስትፈልግ የ22 ፑንታ ይበቃሃል። አለቀ። አንድ ብሎን፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ፑንታ። «መሣሪያ የለኝም» የሚለው ሰበብ እዚህ ጋ ሞተ።

ደግሞ በፓኬቱ ላይ «ኤቤክ 5»፣ «ኤቤክ 7»፣ «ኤቤክ 9» የሚለው አያስጨንቅህ። ያ ቁጥር ልኩ ምን ያህል ሳይዛነፍ እንደተሠራ ይናገራል እንጂ ስለ ጥንካሬው ምንም አይልም። እኛ ለምንሠራው የቤት ዕቃ ኤቤክ 9 አያስፈልግም።

ይህ ነገር ከየት እንደመጣ ትንሽ ልንገርህ፤ ብረቱን ስታየው ክብር ይሰማሃል። ጣሊያን ውስጥ ኔሚ የሚባል ሐይቅ አለ። ከሐይቁ ሥር ከወጡት የጥንት ሮማውያን መርከቦች ጋር በነሐስ ኳሶች ላይ የሚዞር የእንጨት ገበታ ስብርባሪ ተገኝቷል። ወደ 2,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ! አሜሪካዊው ሌቫንት ሪቻርድሰን ደግሞ በ1884 እ.ኤ.አ. የስኬት ጎማን በብረት ኳሶች ለሚያሽከረክር ፈጠራው መብት አስመዘገበ። ሁለቱም የተጠቀሙት ሐሳብ አንድ ነው፦ የሚንሸራተት ነገር ይፋተጋል፣ የሚንከባለል ነገር ይሄዳል።

አሁን ወደ ሥራ።

ኩሽኔታውን የውስጥ ቀለበቱን በሁለት ጣትህ ያዝና የውጩን አሽከርክር። ወደ ጆሮህ አስጠጋው። ምን ይላል? ዝም ብሎ ከዞረ ደህና ነው። አሸዋ እንደሚፈጭ ካንቋረረ ቆሽሿል፤ ታጥቦ ይድናል። ከታጠበ በኋላም ቀጭ ቀጭ እያለ የሚይዝህ ከሆነ የኳሶቹ መሄጃ ተቦርቡሯል። እሱን ለብቻ አስቀምጠው፤ ለእሱም ሥራ አለው፣ እነግርሃለሁ።

ማጠብ ቀላል ነው። ሽፋኑን ተመልከት። ከ608 ቀጥሎ «አርኤስ» የሚል ፊደል ካለበት ሽፋኑ ላስቲክ ነው፤ በመርፌ ጫፍ ከውስጠኛው ጠርዝ ቀስ ብለህ ብታነሳው ይወጣል፣ ስትጨርስ በጣትህ ተጭነህ ትመልሰዋለህ። «ዜድዜድ» ካለው ብረት ነው፤ እሱን አትታገለው፣ እንዳለ እጠበው። ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ ላምባ ጨምር፣ ኩሽኔታዎቹን ክተት፣ ነቅንቅ። ላምባው ይጠቁራል። ለውጠህ ድገመው። ላስቲኩን ግን ላምባ ውስጥ አትዘፍዝፈው፣ በሳሙና ውሃ ይበቃዋል። ይህን ሁሉ ስትሠራ በርና መስኮት ክፈት፤ ምድጃ ካለበት ራቅ በል።

ከዚያ በጨርቅ ላይ ዘርግተህ አሳድራቸው። ጠዋት ለእያንዳንዱ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። አሽከርክርና ስማ።

ሰማህ? ትናንት ያንቋርር የነበረው ዛሬ ዝም አለ። ይህን ያደረግኸው አንተ ነህ!

አንድ ነገር ግን አደራ። ጎሚስታ ቤት ወስደህ በኮምፕሬሰር አየር እያሽከረከርክ አታድርቀው። ፊሽካ እንደሚነፋ ሲጮህ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ፍጥነቱ ከልክ ካለፈ ሊፈነዳና ዓይንህን ሊያጠፋ ይችላል።

አሁን ለታጠቡት ሥራ እንስጣቸው፤ መጀመሪያ ወደ ኩሽና እንግባ። በርበሬው ከኋላ፣ ሽሮው ከፊት፣ ኮረሪማው የት እንደገባ አይታወቅም። ጥቁር አዝሙድ ፍለጋ ስንት ዕቃ ታነሳለህ? የሚዞር ገበታ ሥራ።

ሁለት ክብ ኮምፔንሳቶ አስቆርጥ፣ ውፍረታቸው 18 ሚሊ ይሁን። በታችኛው መሐል ላይ በ22 ፑንታ 14 ሚሊ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍር። ሁለት ኩሽኔታ ተደራርቦ ይገባል። ለምን ሁለት? አንድ ብቻ ካደረግህ ገበታው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ሁለቱ አንድ ላይ ብሎኑን ቀጥ አድርገው ይይዙታል። ስታስገባቸው በመዶሻ የውስጥ ቀለበታቸውን አትምታ፤ ምቱ በኳሶቹ በኩል አልፎ መሄጃቸውን ይሰረጉዳል። ያ ለብቻ ያስቀመጥከው የተቦረቦረ ኩሽኔታ አለ አይደል? እሱን ከላይ አስቀምጥና በእንጨት ቁራጭ መታ መታ አድርግ። ሥራ አገኘ ማለት ነው።

ከጉድጓዱ ሥር የቀረውን እንጨት ዳዶው እንዲያልፍ አስፍተህ ብሳው። ከላይኛው ገበታ የ8 ብሎን አውርድ፣ በሁለቱ ገበታዎች መካከል ትንሽ ሮንዴላ አድርግ፣ ከታች ዳዶውን እሰር፤ እንዳይፈታ ሁለት ዳዶ ደራርብ። ሮንዴላው የግድ ትንሽ ይሁን። የውስጥ ቀለበቱን ብቻ ነው መንካት ያለበት። ሰፊ ሮንዴላ ካደረግህ የውጩን ቀለበት አብሮ ያንቀዋል፣ ገበታውም ፍንክች አይልም። ስኬቱን ስትፈታ ከጎማው ጎን የወጡ ትንንሽ ቀለበቶች ካሉህ ለዚህ ልክ ናቸው። ከሥር አራት የላስቲክ እግር ለጥፍና ጨርሰሃል።

አሁን ጥቁር አዝሙድ ፈልግ። አዙር። መጣ!

ቀጣዩ እኔ ከሁሉም የምወደው ነው። ክረምት ነው። ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል። ሰማዩ ጠቆረ። ካፊያው ጀመረ። አንተ በነጠላ ጫማ ጭቃውን እየተንቦጫረቅህ ወደ ግቢው ጥግ ትሮጣለህ፣ ግማሹን ትሰበስባለህ፣ ግማሹ ይርሳል።

ለምን? በረንዳህ ሥር ቆመህ ልብሱን ወደ ራስህ መሳብ ትችላለህ እኮ!

የሚያስፈልግህ 4 ኩሽኔታ ነው። ሁለቱ በበረንዳው ምሰሶ፣ ሁለቱ በግቢው ጫፍ ባለው እንጨት። በእያንዳንዱ ጫፍ አንዱ ከአንዱ በላይ ይሁን፣ በመካከላቸው አንድ ስንዝር ያህል ተው። ስንዝሩን አትናቀው። 22 ሚሊ ኩሽኔታ ላይ ብቻ ከጠመጠምከው የላይና የታች ገመድ ተቀራርበው የልብስ መቆንጠጫው ይጠላለፋል።

ኩሽኔታው እንዳለ ገመድ አይዝም፤ ለስላሳ ነው፣ ገመዱ ይወርዳል። ስለዚህ በግራና በቀኝ ከኩሽኔታው የሚሰፋ ትልቅ ሮንዴላ አድርግ፣ 35 ወይም 40 ሚሊ የሆነ። በትልቁ ሮንዴላና በኩሽኔታው መካከል ያው ትንሿ ሮንዴላ ትግባ። ብሎን አሳልፍ፣ እሰር። ፑሊ የሚሸጥበት ሱቅ ሳትሄድ ፑሊ ሠራህ። ብሎኑን በሁለቱም ጎን የሚይዝ የታጠፈ ላሜራ ወይም ቁራጭ አንጎላሬ አድርግለት፤ በአንድ ጎን ብቻ ከተንጠለጠለ ቀስ በቀስ ይጣመማል።

ገመዱ 5 ወይም 6 ሚሊ ይሁን። ቀጭን ሲባጎ ካደረግህ በትንሿ ሮንዴላ ክፍተት ገብቶ ይነከሳል፣ ያኔ ዝናቡ እየመጣ ከገመድ ጋር ትታገላለህ። ልብስ የሚሰጠው በታችኛው ገመድ ብቻ ነው። አንዱን ትሰቅላለህ፣ ትገፋለህ፤ ቀጣዩን ትሰቅላለህ፣ ትገፋለህ። የታችኛው ሲርቅ የላይኛው ወደ አንተ ይመጣል።

እና ቋጠሮው? ገመዱን አንድ ላይ ያሰርክበት ቋጠሮ በኩሽኔታው አያልፍም። ስለዚህ ገመዱ ባዶ ሲሆን ቋጠሮው በላይኛው ገመድ፣ ከአንተ በራቀው ጫፍ ይሁን። ልብስ በሞላ ቁጥር ወደ አንተ እየቀረበ ይመጣል፤ አጠገብህ ሲደርስ ገመዱ ሞልቷል ማለት ነው። አየህ? ችግር የመሰለህ ነገር ምልክት ሆነልህ።

«ትንሽዬ ኩሽኔታ እርጥብ ብርድ ልብስ ትችላለች?» ካልክ፣ ደህና 608 ቆሞ ለሚቀመጥ ጭነት ከ130 ኪሎ በላይ የሚችል ተብሎ የሚመደብ ነው። ያንተ አሮጌ ስለሆነ ያን ያህል አትጠብቅበት፤ ቢሆንም ከእሱ በፊት የሚበጠሰው ገመዱ ወይም የሚነቀለው ምስማሩ ነው። ገመዱን እንደ ክራር አትወጥረው፣ ትንሽ ይርገብ። ውጭ ስለሚውል ላስቲክ ሽፋን ያለውን ምረጥ፣ በዘይት ፋንታ ግራሶ ቀባው። ዝናብና የኩሽኔታ ብረት አይዋደዱም፤ ዝገቱ ፈጣን ነው።

ሒሳብ እንሥራ። 2 ለገበታው፣ 4 ለገመዱ። የተቦረቦረውን አንድም አውጣ። ገና 9 አለህ!

ስፌት ለምትሠራ እህትህ የክር ማዞሪያ ሥራላት፤ አንድ ጣውላ፣ አንድ የቆመ ብሎን፣ አንድ ኩሽኔታ። ኤሌክትሪሺያን ነህ? የሽቦ ጥቅልህን በሁለት ኩሽኔታ መካከል በብረት ዘንግ ላይ አንጠልጥለው፤ ስትስበው ሳይጠላለፍ ይመጣልሃል። የቁም ሳጥንህ ተንሸራታች በር ይጮሃል? ሥሩ ላይ ሁለት ትከልለት።

ግን ጀግንነት ልክ አለው። የግቢ የብረት በር ላይ አታድርገው፤ ያ ሌላ ክብደት ነው፣ ሌላ ጎማ ነው። ልጅ በሚጫወትበት ዥዋዥዌ ላይ አታድርገው። ግራይንደር ውስጥም አትክተተው። የስኬት ጎማ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲበር በደቂቃ 1,400 ዙር አካባቢ ነው የሚዞረው፤ ትንሹ የእጅ ግራይንደር 11,000 ድረስ ይሄዳል። ልጆች ቁልቁለት የሚነዱትን የጣውላ መኪናም ከጋራዥ በሚወጣው ትልቅ ኩሽኔታ ይሥሩት፤ የስኬቷ ትንሿ ኩሽኔታ በኮብልስቶን መገጣጠሚያ ትሰነቀራለች። የሰው አካል የሚመካበት ነገር ላይ አሮጌ ኩሽኔታ አይገባም። ነጥብ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ምክንያቱም እውነተኛው ፕሮጀክት አንተ ነህ።

በ2012 እ.ኤ.አ. ማይክል ኖርተን፣ ዳንኤል ሞቾን እና ዳን ኤሪሊ የተባሉ ተመራማሪዎች «አይኪያ ኢፌክት» የሚል ስም የሰጡትን ጥናት አሳተሙ። ሰዎች ራሳቸው ለገጣጠሙት ሣጥን፣ ራሳቸው ላጠፉት የወረቀት ቅርጽ ሌላው ከሚሰጠው የበለጠ ዋጋ ይሰጡታል። የሚገርመው ግን ይህ አይደለም። ሥራውን ጀምረው ያልጨረሱት፣ ወይም ሠርተው መልሰው ያፈረሱት ሰዎች ያ ፍቅር አልያዛቸውም።

ገባህ? ልዩነቱ ያለው መጨረስ ላይ ነው።

ስንት ነገር ጀምረህ ትተሃል? የእንግሊዝኛ ኮርስ፣ ጂም፣ ዩቲዩብ ቻናል። እያንዳንዱ የተተወ ሥራ በጆሮህ «አንተ አትጨርስም» ይልሃል። ይህን ድምፅ በንግግር አታሸንፈውም። በተጨረሰ ሥራ ነው የምታሸንፈው። ስለዚህ ትንሽ ምረጥ። ገመዱ ከከበደህ ገበታውን ሥራ። ገበታው ከከበደህ የክር ማዞሪያውን ሥራ። ግን ጨርስ!

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምር። ሌላ ዕቃ ለመግዛትም አትሩጥ፤ ለአንድ የ35 ሮንዴላ ብለህ ሙሉ የመሣሪያ ሣጥን የምትገዛ ከሆነ መሳቢያውን ወደ ሌላ መሳቢያ ማዛወርህ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂድና ያገለገለውን ለቅመህ ና። እግረ መንገድህን ሰዎቹን ተመልከት። አንተ የምትጥለውን ብረት እየቆረጡ፣ እየቀጠቀጡ ምድጃና መጥበሻ አድርገው ይሸጡልሃል። እነሱ የጣልከውን ዕቃ የሚያዩበት ማይንድሴት አንተ ዘንድ እንዳይኖር የከለከለህ ማን ነው?

እንግዲህ ዛሬ ማታ ኩሽኔታዎቹን ላምባ ውስጥ ጨምር፤ 10 ደቂቃ አይፈጅም። ነገ አድርቅ፣ ዘይት ጠብ አድርግ። ዓርብ ብሎንና ሮንዴላህን ሰብስብ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጥና ጀምር። 13 ቁልፍ ከሌለህ ከጎረቤት ተዋስ። ስትመልስለትም ባዶ እጅህን አትሂድ፤ ከተረፉህ ላይ አራት የታጠቡ ኩሽኔታዎች ስጠውና ቋጠሮው የት መሆን እንዳለበት አሳየው።